ወደ ባሮ ያወረድነው መንኮራኩር

በዚህ ጉዞ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ እኔ ነኝ፤ ወርቁ እባላለሁ። በደሌ ከተማ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ያገኘሁት ከአሮጌ የመማሪያ መጻሕፍትና ከተሰበሩ ማሽኖች ነው። ሁለተኛዋ ሰው ልጄ ሂሩት ናት፤ በግብርና ተመርቃ ጋምቤላ ከተመደበች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሦስተኛው የአይሱዙው ሹፌር ጌታሁን ነው፤ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል፣ ጭነቱን ግን በሰላም ያደርሳል። አራተኛዋ ወይዘሮ አርየት የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ከጋምቤላ ከተማ ዝቅ ብሎ በባሮ ዳር አትክልት የሚያለሙትን ሴቶች ይመራሉ። አምስተኛው ሐጂ ከድር ይባላሉ፤ ከደጋ መጥተው ጋምቤላ መሃል ከተማ ያረጁ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚሸጡና የሚያከራዩ ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ የእኔ ብቻ ሥራ እንዳይመስል ነው።

ይዘን የሄድነው መንኮራኩር ነበር። ወንዝ ያዞረዋል፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ውኃ ከወንዝ ወደ ዳገት ይገፋል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ዙሪያውን የላሜራ መቅዘፊያ አለው፤ በጎኑ ረጅም ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ጥምጥም ተጠቅልሏል። መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥር የቱቦው አፍ አንዴ ውኃ፣ አንዴ አየር ይጎርሳል፤ አየሩ ውኃውን እየገፋ በመሃለኛው ብረት በኩል አውጥቶ ወደ ላይ ይሰደዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ የሚዞረው ቱቦ ከማይዞረው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውኃ እንዳይፈስ ማድረግ ብቻውን ብዙ ዓመት ወሰደብኝ። በቆዳ ሞከርኩ፤ በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ሞከርኩ፤ ሰም የጠጣ ገመድ ጠምጥሜ ሞከርኩ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች «ይህ ነገር ከእኔ ቀድሞ ሊያረጅ ነው» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ከከተማችን በታች ባለው ጅረት ላይ ዞሮ ውኃ ሲያወጣ፣ ሂሩት ስልኳን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። እኔ ከመወለዴ ብዙ ዘመን በፊት፣ በሌላ አገር፣ አንድ ሰው ይህንኑ መንኮራኩር ሠርቶታል። አንድ ሳምንት ያህል ሥራ ቤቴን አልከፈትኩም። በኋላ ግን አሰብኩበት። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ላይ ከደረሱ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው። የሰውየውን ስም ልጄ ነገረችኝ፤ እኔ አልያዝኩትም። አፍንጫዬ ላይ ያለውን መነጽር መጀመሪያ የሠራውንም አላውቀውም፤ ግን በየቀኑ አነብበታለሁ። ስንት መስታወት ሞርዶ ስንት ሰብሮ ይሆን? እኔን አስቦ እንዳልሠራ አውቃለሁ፤ ለራሱ ዓይን ብቻ ቢሠራው ኖሮ ግን እኔ ዘንድ አይደርስም ነበር።

ጋምቤላ የሄድንበት ምክንያት የልጄ ቃል ነው። ባለፈው በጋ ቤንዚን ጠፍቶ የተከራዩት ሞተር ቆመ፤ ባሮ ከሥራቸው እየፈሰሰ የእነ ወይዘሮ አርየት ቲማቲምና ሽንኩርት ደረቀ። ሂሩት «አባቴ ነዳጅ የማይፈልግ ያመጣላችኋል» አለቻቸው። ሴቶቹ አመኗት። ዘንድሮ ሞተር ሳይከራዩ ተከሉ። መንኮራኩሩ ውኃ ካላወጣ የዓመቱ ልፋታቸው እዚያው ይቀራል፤ ልጄም በዚያ አገር ሁለተኛ የሚያምናት አታገኝም። ይህን እያወቅሁ ነው የተነሣሁት።

አንድ ነገር ግን በስልክ ለምናኝ ነበር። «አባዬ፣ በቡሎን ይገጠም፤ እንዲፈታ» አለችኝ።

«ቡሎን ይላላል» አልኳት። «ብየዳ አይዋሽም።»

ሁሉንም በየድሁት።

ሰኞ

ጉዞው ከግቢዬ ሳንወጣ ተበላሸ። መንኮራኩሩን የሠራሁት ሥራ ቤቴ ውስጥ ነው፤ በሩ እንደሚጠበው ያየሁት ሊወጣ ሲል ነው። ጌታሁን እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቆሞ፣

«ጋሽ ወርቁ፣ የምንጭነው መንኮራኩሩን ነው ወይስ ቤቱን?» አለኝ።

የበሩን መቃን ነቅለን፣ ከግድግዳውም አፍርሰን አወጣነው። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው አዩ። አልሳቁም፤ ሲሳቅብኝ እንደማልወድ ያውቃሉ። ያን ጊዜ መማር ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ጥፋቱን በበሩ ላይ አደረግሁ።

እስከ መቱ ያለው መንገድ የለመድኩት ነው፤ ጫካው፣ ጭጋጉ፣ የቡናው ማሳ እንደ እኛው ሠፈር ነው። በየከተማው ሰው መኪናውን እየከበበ «ምንድን ነው?» ይላል። ጌታሁን ለአንዱ «የጋምቤላ ልጆች መወዛወዣ ነው» ይላል፤ ለሌላው «ገበሬ የፈለሰፈው አውሮፕላን ነው፣ ክንፉ በኋላ ይመጣል» ይላል። መቱ ምሳ ስንበላ ተቆጣሁት። በቀልድም ቢሆን የተዋሸለት ሥራ ሲከሽፍ መሳቂያ እንደሚሆን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ከሠራ ግን ስለ ቀልዱ ማን ያስታውሳል?» አለና ወጡን አጣቀሰ።

መሽቶ ሳይጨልም ጎሬ ደረስን። ብርዱ የእኛን ያህል ነው። ያደርንበት ቤት ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ጭነቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ቁልቁለቱ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ቱቦውን እንደሚልጠው ተናገሩ። ሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ አውጥተው ራሳቸው ደርበው አሰሩልኝ። ለአልጋው እንጂ ለብርድ ልብሱ አላስከፈሉኝም። እኔ በሥራ ቤቴ ለማላውቀው ሰው እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ የማስታውሰው የለም።

ማክሰኞ

ከጎሬ በኋላ መንገዱ መውረድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ያለ አይመስልም። መጀመሪያ ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ቀጥሎ የሸሚዜን አንገት ፈታሁ። ዛፉ ሁሉ ተለወጠ። እኛ አገር ሙቀት ከፀሐይ ይመጣል፤ ጥላ ውስጥ ከገቡ ይለቃል። እዚያ ግን ከመሬቱም፣ ከመኪናው ብረትም፣ ከነፋሱም ይመጣል። ቅርንጫፎቹ እንደተባለው ደበደቡን፤ ቱቦው በብርድ ልብሱ ዳነ፣ አንድ መቅዘፊያ ግን ተጣመመ።

ኬላ ላይ አንድ ወጣት ጠባቂ አስቆመን። ጌታሁን አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩና ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ከሚገባው በላይ አስረዝሜው ይሆናል።

«ነዳጅ አይፈልግም?» አለኝ።

«አይፈልግም።»

«ትንሽም?»

«ጠብታም።»

መንኮራኩሩን ዞሮ አየውና «እናቴ ወንዝ ዳር ናት፤ በቆሎ ትዘራለች» አለ። ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ጋምቤላ ስንገባ ሰዉ ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ በዝግታ ይሄዳል። እኔ የደጋ ሰው ነኝና መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ። ከመኪና ወርጄ በእኔ አካሄድ ትንሽ እንደሄድኩ ልቤ መታ፤ ከዚያ እንደ እነሱ ሄድኩ። ባጃጆቹ ብቻ ይሮጣሉ።

ሂሩት ሐጂ ከድር ሱቅ ደጃፍ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ ጠቁሮ አጥንቷ ወጥቷል።

«ምግብ አትበይም እንዴ?» አልኳት።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ሰላም በለኝ» አለችና ሳመችኝ።

ማረፊያችን ከሱቁ ጀርባ የሐጂ ግቢ ነው። ሆቴል ልንይዝ ስንል ሽማግሌው «የሂሩት አባት እኔ እያለሁ ሆቴል?» ብለው ተቆጡ። ሱቃቸው ከዳር እስከ ዳር ሞተር ነው፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ አዲስ፣ ለኪራይ የሚወጣ አሮጌ። ያን ጊዜ ነው ያመጣሁት ነገር የማንን እንጀራ እንደሚነካ የገባኝ። ዓይናቸውን ማየት አፈርኩ። እሳቸው ግን መኪናው ላይ ያለውን ቀና ብለው አይተው፣

«ይህ ነው ሞተሮቼን ጡረታ የሚያወጣው?» አሉና ሳቁ።

ማታ ማንጎ ዛፍ ሥር ምግብ ቀረበ። ትልቅ የባሮ ዓሣ ተጠብሶ፣ ከጎኑ ባምያ ወጥ ነበር። ሐጂ እጃቸውን እየታጠቡ «ሥጋ አላቀረብኩላችሁም» አሉ። «እኔ ያረድኩትን እናንተ አትበሉም፤ እናንተ ያረዳችሁትን እኔ አልበላም። ዓሣ ግን ማንም አላረደው፤ ስለዚህ አብረን እንብላ።» እኔ ሃይማኖት የሚለያያቸው ሰዎች አንድ ማዕድ ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ አላየሁም። ያን ቀን በላሁ፤ ዓሣውም ጥሩ ነበር።

ያደርነው ከቤት ውጭ በአጎበር ሥር ነው። እኛ አገር ውጭ የሚያድር ቤት የሌለው ነው፤ እዚያ ባለቤቱም እንግዳውም ውጭ ያድራል።

ረቡዕ

አትክልቱ ያለበት ቦታ ከፍ ያለ የወንዝ ዳርቻ ነው። መደቦቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው፤ ችግኙ ግን ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ሴቶቹ በጄሪካን እየቀዱ ገደሉን ይወጣሉ። አንዷ ስትቀዳ ሌላዋ ዱላ ይዛ ቆማ ወንዙን ታያለች፤ ለአዞ ነው። ማንም ብቻውን አይቀዳም። እኔ ውኃ የሚቀዳ ሰው ጠባቂ ሲቆምለት ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ወይዘሮ አርየት ጨበጡኝና «አንተ የሂሩት አባት፣ ቆየህ» አሉኝ። ሂሩት አፈረች፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንተ መባል አልለመድኩም። የሴትዮዋን ዓይን ሳይ ግን ንቀት አልነበረበትም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ከቃሉ ይልቅ ፊታቸው ያከብራል።

ከመኪና መንገዱ እስከ ወንዙ ያለው ቀጭን የእግር መንገድ በቤቶችና በማንጎ ዛፎች መካከል ይሄዳል። መንኮራኩሩ አይተኛ፣ አይታጠፍ፣ አይከፈል። የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ ተሸከመው። አንድ ሰው የቤቱን አጥር ፈትቶ አሳለፈን፤ ሌላው የማንጎ ቅርንጫፍ ቆረጠ። እኩለ ቀን ሲሆን ብረቱ እጅ አያስነካም ነበር፤ ሴቶቹ ቅጠል እየጠቀለሉ ያዙት።

በወንዙ ጠርዝ ግንድ ተክለን ሰቀልነው። ሁሉም ቆሞ አየ። መንኮራኩሩ ቀስ ብሎ ግማሽ ዞረ፤ ከዚያ ቆመ። በእጄ ገፋሁት፤ ዞረና ደግሞ ቆመ። ከቱቦው አንድ ጠብታ አልወጣም።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የእኛ ጅረት ጠባብና ቁልቁል ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ይገፋል። ባሮ በበጋ ጠርዙ ላይ ተኝቷል፤ የሚሮጠው ከዳር ራቅ ብሎ ነው። በስልክ «ወንዙ ኃይል አለው ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ «አለው» ብለውኛል። እውነት ነው፣ አለው። የት እንዳለው ግን አልጠየቅሁም። መንኮራኩሩ ውኃው ወደሚሮጥበት መግባት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መንሳፈፍ አለበት፤ እንዲንሳፈፍ የበየድኩለት የብረት እግር ተቆርጦ፣ መቅዘፊያው ሰፍቶ፣ በባዶ በርሜል ላይ መታሰር አለበት።

ሂሩት ይህን ሁሉ ከእኔ እኩል አየች። «እንቁረጠው» አለች።

«አይቆረጥም።»

«አባዬ፣ ችግኙን አየኸው?»

«ወደ በደሌ እመልሰዋለሁ። ለክረምት ሌላ ሠርቼ አመጣለሁ።»

«እስከ ክረምት ምን ይበሉ?»

ብዙ ዓመት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ቀን ቆራርጡት ስባል የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም። ልጄን በሰው ፊት «ዝም በይ!» አልኳት። ፊቷን ወደ ችግኙ አዞረች።

ወይዘሮ አርየት ጄሪካናቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው መንኮራኩሩን ዞሩት። ጣታቸውን በብየዳው ላይ እያስኬዱ፣

«ይህ ሲሰበር ማን ይሠራል?» አሉኝ።

«እኔ።»

«አንተ በደሌ ነህ።»

«ትደውሉልኛላችሁ።»

«አንተ ስትሞትስ?» አሉ፤ በተረጋጋ ድምፅ ነው የጠየቁት። ክፋት አልነበረበትም። የአንድ ነገር ዋጋ ሲጠየቅ እንደሚጠየቀው ነው።

ሴቶቹ ጄሪካናቸውን አንሥተው ወደ መቅዳቱ ተመለሱ። አንዷ ቀዳች፣ አንዷ ቆማ ወንዙን አየች። ከጠዋት ጀምሮ እኛን ሲጠብቁ የላይኛው ሁለት መደብ ውኃ አላገኘም ነበር፤ ችግኙ ተኝቷል።

ያን ማታ በሐጂ ግቢ ጌታሁን እንኳ አልቀለደም። ጾም ነው ብሎ ዓሣውን ትቶ ባምያውን በላ፤ ሐጂ «ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉም አሉ» ሲሉት «እናቴ ከሚሉት ውስጥ የለችም» አለ። እኔ የወይዘሮ አርየትን ጥያቄ ሳሰላስል አመሸሁ። ሁልጊዜ ለልጆቼ እንደምነግራቸው፣ ትልቅ ነገር የሠሩ ሰዎች ለራሳቸው ሳይሉ የደከሙ ናቸው። እኔም ራሴን ከእነሱ እቆጥር ነበር። ነገር ግን ከእኔ በቀር ማንም ሊፈታው የማይችል ነገር ሠርቼ ለሰው ሰጠሁ ማለት አልችልም። የሰጠሁት ውኃውን ብቻ ነው፤ መንኮራኩሩ ገና በእጄ ነበር።

ሐሙስ

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ሂሩትን ቀሰቀስኳት። «እንቁረጠው፤ በቡሎን እንገጥመዋለን» አልኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እሷም አልጠበቀችውም። ጫማዋን አጠለቀች።

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጠዋትም ከሰዓትም አልመጣም። ያለ መብራት ብረት መቁረጥም መብሳትም አይቻልም። ጀነሬተር ያላቸው ሐጂ ከድር ናቸው፤ ባዶ በርሜልም፣ ቡሎንም ያላቸው እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ እንዴት እንደምጀምር አጣሁ። ልለምናቸው የመጣሁት ገበያቸውን የሚዘጋባቸውን ነገር እንዲያግዙኝ ነው።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር...»

«ጀነሬተሩን ነው? ጌታሁን ጭኖታል» አሉ።

«በርሜልም...»

«ከጀርባ አለ፤ የማይዘቅጠውን ምረጥ።»

ሄጄ ልጭን ስል ተመለስኩ። «ሐጂ፣ ይህ ከዞረ እርስዎን ይጎዳል እኮ። ለምን ያግዙኛል?»

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «አትጠይቀኝ! ካሰብኩበት ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ» አሉና ቡሎንና ዳዶ ወዳለበት ሣጥን ዞሩ።

ስለ በጎነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን አንብቤ አላውቅም። ደግነት ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ሰው ከራሱ ጋር እየታገለ የሚያደርገው እንደሆነ ሽማግሌው ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ወንዙ ዳር ማንጎ ሥር ሠራን። የመጀመሪያውን ብየዳ ራሴ ቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። መቅዘፊያዎቹን አወለቅን፣ ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ቆርጠን አሰፋናቸው፣ ሁሉንም በትራፓኖ በሳን። እኔ የምበሳውን ሂሩት ትገጥማለች፤ ሂሩት የገጠመችውን ወይዘሮ አርየት ያጠብቃሉ። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ወይዘሮ አርየት የበቆሎ ገንፎ አመጡልን። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ሁላችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። እኛ አገር ለምሳ ሥራ አይቆምም፤ እዚያ ፀሐይዋ ታስቆማለች።

ዓርብ

ዓሣ አጥማጆች በታንኳቸው ጎትተው መንኮራኩሩን ውኃው ወደሚሮጥበት አስገቡት። አንዱ ገመድ ዳር ባለው ትልቅ ዛፍ ታሰረ፤ ሌላው ከወንዙ ሥር በድንጋይ ተያዘ። መንኮራኩሩ ተንገዳገደ፤ በርሜሎቹ ተስተካከሉ፤ ከዚያ መዞር ጀመረ። አልቆመም።

ውኃው ወዲያው አይመጣም። ቱቦውን መሙላት አለበት። ሂሩት ገደሉ ላይ የቱቦውን ጫፍ ይዛ ተንበርክካ ነበር፤ ሴቶቹ ከበዋታል። መጀመሪያ አየር ተነፈሰ። ቆየ። እንደገና ተነፈሰ። ጌታሁን «ጋሼ፣ ያስላል እኮ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ውኃ ተፋ፤ ከዚያ አየር፤ ከዚያ ከፊተኛው የበለጠ ውኃ። የሚመጣው እንደ ሞተር ውኃ በኃይል አይደለም፤ እየተነፈሰ፣ እየተፋ ነው። ግን አያቋርጥም። ሴቶቹ እልልታ አላሰሙም፤ አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ እየዘመሩ ቦዩን ከፈቱ።

ሐጂ ከጁምዓ በኋላ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ። እጃቸውን ቱቦው ሥር አድርገው ፊታቸውን አበሱና፣ «ቀርፋፋ ነው» አሉ። «ሞተሬ ይበልጠዋል።» ትንሽ ቆይተው «ቤንዚን ሲኖር» ብለው ጨመሩ።

የላይኞቹ ሁለት መደቦች አልተነሡም። ውኃ አጠጣናቸው፤ ግን አልፏል። ያ የረቡዕ ቀን የእኔ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት እችላለሁ፤ ለችግኙ ግን አንድ ቀን በቃው።

ቅዳሜ

ልንመለስ ስንሰናዳ ወይዘሮ አርየት መጡ። «ገና አልጨረስክም» አሉኝ።

«ምን ቀረ?»

«አንተ ሳትነካ እንፍታው፤ አንተ ሳትነካ እንግጠመው። ከዚያ ትሄዳለህ።»

መንኮራኩሩን ወደ ዳር ጎትተው አወጡት። እኔን ማንጎ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ሂሩትም እንዳትነካ ከጎኔ ተቀመጠች። ሴቶቹ ፈቱት፤ ብረቱን በየዓይነቱ አሸዋው ላይ ዘረጉት። የሚዞረውን መገጣጠሚያ ሲከፍቱ ከድንጋዩ ልነሣ ነበር፤ ዕድሜዬ ያለቀበት ቦታ ነው። ላስቲኩን አውጥተው፣ አይተው፣ አጥበው መለሱት።

ሲገጥሙ አንዷ መቅዘፊያ ገለበጠች። አየሁት። አፌን ልከፍት ስል ሂሩት ክንዴን ያዘችኝ።

«ተገልብጧል እኮ» አልኳት በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባዬ፣ ነገ እኮ የለህም።»

በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከበደኝ ያ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው። ልጆቼን ሳሳድግ ስሕተት ሳይ ዝም ብዬ አላውቅም። ሴቶቹ ቀጠሉ፤ ጨረሱ፤ ወደ ውኃው አስገቡት። መንኮራኩሩ ዞረ፤ ግን በየዙሩ አንዴ ይዘልላል። በራሳቸው ቋንቋ ተጨቃጨቁ። አንዷ ሳቀች፣ አንዷ ተቆጣች፤ ወይዘሮ አርየት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ መንኮራኩሩን እያዩ ጭንቅላታቸውን ከዙሩ ጋር ነቀነቁ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ጣታቸውን ቀሰሩ። መልሰው ጎተቱት፣ የተገለበጠውን ፈቱ፣ አዞሩ፣ አጠበቁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ አልዘለለም። ወይዘሮ አርየት ቅባት የነካ እጃቸውን በሣር እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ።

«አሁን ሂድ» አሉኝ። «በሰላም።»

እሑድ

ማለዳ ተነሣን። ሂሩት እስከ ኬላው አብራን በመኪና መጣች። ጥሩ ሥራ ሠርተሻል ልላት ፈልጌ «ብይ፣ ከስተሻል» አልኳት። እሷም «እሺ አባዬ» አለች፤ የፈለግሁትን የሰማች መሰለኝ። ኬላው ላይ ያ ወጣት ጠባቂ ባዶውን መኪና አይቶ «ቀረ?» አለኝ። «ቀረ» አልኩት። ወይዘሮ አርየትን የት እንደሚያገኛቸው ጠየቀኝ፤ ሂሩት ነገረችው።

ዳገቱን ስንወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ጌታሁን የኋላ መስታወቱን እያየ፣

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢሠራው ስንት ይፈጅበታል? ጎሬ ላይ መጠየቃችን አይቀርም፤ ውሸት ደግሞ አትወድም» አለ።

ስለዚህ መንገድ ላይ አሰላነው፤ እዚህም የምጽፈው ጋምቤላን ለማያይ፣ ግን ከሥሩ ወንዝ ለሚፈስ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። የተጣሉት ሙከራዎቼ፣ ያፈረስኩት በር፣ የመኪናው ጭነት፣ የሐጂ ቡሎን፣ በርሜልና የጀነሬተር ቤንዚን፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ የፈቱበት ቀን፣ የሞቱት ሁለት መደቦች፣ ይህ ሁሉ ሲደመር ሁላችንንም የፈጀን መቶ ሠላሳ ሺህ ብር ግድም ነው። ሁለተኛውን ለሚሠራ ሰው ሠላሳ ሺህ ይበቃዋል። የቀረው መቶ ሺህ የእኛ ስሕተት ዋጋ ነው፤ እሱ ተከፍሏል፣ ሌላ ሰው ደግሞ አይክፈለው።